የሥራና የዘወትር ልብሴን በወር 2,500 ብር ቀስ በቀስ መተካት ጀምሬያለሁ፤ ምክራችሁን እሻለሁ

የግንፍሌዋ | ጥቅምት 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጤና ይስጥልኝ። ሁለተኛ ልጄን ወልጄ ከሁለት ዓመት በላይ ቤት ከቆየሁ በኋላ፣ ባለፈው መስከረም ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ በሚገኝ አንድ መሥሪያ ቤት ሥራ ጀምሬያለሁ። የመጀመሪያው ሰኞ ጠዋት ቁም ሣጥኔን ከፍቼ ልብስ ስመርጥ፣ ከመውለዴ በፊት እለብሳቸው የነበሩት ሱሪዎች አንዳቸውም ከዳሌዬ አላልፍ አሉኝ፤ ሁለቱ ኮቶቼም ትከሻቸው ልክ ሆኖ ሳለ ደረታቸው አልቆለፍ አለ። በእጄ የቀረው የቤት ልብስ ብቻ ነበር ማለት ይቻላል።

በዚያ ሳምንት ተደናግጬ ትልቅ ስሕተት ሠራሁ። ከእህቴ ገንዘብ ተበድሬ ከአንድ ሱቅ የተዘጋጀ ሙሉ ልብስ በ7,800 ብር ገዛሁ። ሦስት ሳምንት ሳይሞላው የኮቱ ገበር ብብቱ ሥር ተተረተረ፤ የሱሪው ጨርቅም ጭኔ በሚፋተግበት ቦታ ድቡልቡል አወጣ። መልሼ ስወስደው ሻጩ በደረሰኙ ግርጌ ላይ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚለውን ጽሑፍ በጣቱ አሳየኝ፤ እኔም የምመልሰው ቃል አጥቼ ወጣሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከደመወዜ በወር 2,500 ብር ብቻ ለልብስ ለመመደብ፣ ከአንድ ወይም ከሁለት ዕቃ በላይ በአንድ ጊዜ ላለመግዛት ወሰንኩ።

ከመግዛቴ በፊት ደግሞ ለሁለት ሳምንት በየዕለቱ የለበስኩትን በደብተር ስመዘግብ ቆየሁ። በ10 የሥራ ቀናት ውስጥ አንዱን ጥቁር ሱሪ ሰባት ጊዜ ለብሼዋለሁ፤ ቅዳሜና እሑድ ደግሞ ያው አንድ ጂንስ ነው። ደብተሩን ባልጽፍ ኖሮ የመጀመሪያው ወር ገንዘብ ለሸሚዝ ይወጣ ነበር፤ ምክንያቱም ሱቅ ስገባ ዓይኔ የሚያርፈው ሸሚዝ ላይ ነው። ለካ የጎደለኝ ሱሪ ኖሯል።

ሦስት ነገር ልጠይቃችሁ። ሱሪውን ላሰፋ ወይስ የተሰፋ ልግዛ? አሮጌዎቹን ኮቶች ለሰው ልስጣቸው ወይስ ተስፋ አላቸው? ለቢሮም ለሰንበትም የሚሆን፣ በሁለቱም ቦታ የማያሳፍር ልብስ ስትመርጡ ምን ታያላችሁ?

መርፌና ክር | ጥቅምት 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

እህቴ፣ እንኳን ለሥራዎ አበቃዎት። እኔ ፒያሳ ላይ ልብስ በመስፋት 22 ዓመት ስለሠራሁ ስለ ስፌቱ ብቻ ልናገር።

ኮቶቹን ለማንም አይስጡ። ገልብጠው የጎን ስፌቱን ይመልከቱ፤ ገበሩ ከሸፈነው ከታች በኩል ትንሽ ፈትተው በጣትዎ ይዳስሱት። በስፌቱ ዳር የተተወው ትርፍ ጨርቅ ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል ከሆነ ኮቱ ሊሰፋ ይችላል። አንድ የጎን ስፌት ሁለት ጨርቅ ያገናኛል፤ ኮት ደግሞ ሁለት ጎን አለው። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ጠርዝ አንድ ሴንቲ ሜትር ብቻ ቢለቀቅ በጠቅላላው አራት ሴንቲ ሜትር ይገኛል፤ ደረቱን ለመቆለፍ ብዙ ጊዜ ይህ ይበቃል። በፋብሪካ በብዛት የተሰፋ ልብስ ግን ጨርቅ ለመቆጠብ ሲባል ትርፉ ብዙውን ጊዜ ከአንድ ሴንቲ ሜትር ስለማይበልጥ የሚለቀቅ ነገር የለውም። በሱሪ ላይ ከኋላ መሐል ያለውን ስፌት ይዩ፤ ብልህ ሰፊ ትርፍ የሚያስቀምጠው እዚያ ነው።

ልብስ ሲገዙ በመጀመሪያ ትከሻውን ይለኩ። ቁመት ይቆረጣል፣ ወገብ ይጠባል፣ እጅጌ ያጥራል፤ ትከሻ ግን እጅጌውን፣ ገበሩንና ኮሌታውን ሁሉ ካልነቀሉ አይስተካከልም፤ ያ ደግሞ አዲስ ከማሰፋት የማይተናነስ ዋጋ ያስከፍላል። ትከሻው ልክ ካልሆነ ዋጋው ምንም ያህል ቢረክስ ይተዉት።

ሱሪውን ያሰፉ እላለሁ። ስፋቱ 1.5 ሜትር የሆነ ጨርቅ ከሆነ ለአንድ ሱሪ 1.3 ሜትር ገደማ ይበቃል። ሱቅ ውስጥ የጨርቁን ጫፍ በመዳፍዎ ጨምድደው ይያዙ፤ እስከ 10 ቆጥረው ይልቀቁት። ተጨማዶ የሚቀር ከሆነ ከታክሲ ሲወርዱም እንደዚያው ሆነው ነው የሚወርዱት። ሻጩ «ንጹሕ ሱፍ ነው» ቢልዎት ደግሞ አንዲት ክር ለምነው በክብሪት ያቃጥሏት። ሱፍ የተቃጠለ ፀጉር ይሸታል፤ ጥጥ እንደ ወረቀት ነድዶ ለስላሳ አመድ ይሆናል፤ ፖሊስተር ቀልጦ ጠንካራ ጥቁር ፍሬ ይሠራል። ፖሊስተር ስለሆነ ብቻ መጥፎ አይባልም፤ ጥቂት የተቀላቀለበት ጨርቅ ሽብሽቡ ይቀንሳል። በሱፍ ዋጋ መግዛት ግን የለብዎትም።

ጨርቁ ጥጥ ከሆነ ለሰፊ ከመስጠትዎ በፊት ቤት ወስደው አጥበው ያድርቁት። ጥጥ በመጀመሪያው እጥበት ስለሚሰበሰብ፣ ሳይታጠብ የተሰፋ ሱሪ በወሩ ቁርጭምጭሚት ላይ ይቀራል። ሰፊውንም ከኋላ ስፌት 2.5 ሴንቲ ሜትር ትርፍ እንዲተውልዎ፣ ከመጨረሱ በፊትም ለፕሮቫ እንዲጠራዎት አስቀድመው ይንገሩት።

ሒሳብ ሠራተኛ ከሜክሲኮ | ጥቅምት 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

መርፌና ክር ላሉት የምጨምረው ስለ ገንዘቡ ነው። እኔ የልብስን ዋጋ የምመዝነው በሚለበስበት ቀን ብዛት አካፍዬ ነው። አንድ የ3,600 ብር ጫማ በሳምንት አምስት ቀን ለሁለት ዓመት ቢያገለግል 500 ቀን ገደማ ይሆናል፤ በቀን ሰባት ብር መሆኑ ነው። በ1,200 ብር የተገዛው በሁለት ወር ውስጥ አፉን ከከፈተ በቀን 30 ብር አስከፍሏል። ይህንን ሒሳብ በደብተርዎ ላይ ቢሠሩት ለሱሪና ለጫማ እጅዎ የማይሰስት፣ በዓመት ሁለት ጊዜ ለሚለበስ ቀሚስ ግን የሚሰስት ይሆናል።

ሁለተኛው ነገር ብድሩ ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ጨርቅ ዋጋ ስለጨመረ፣ ሰው «ነገ ይብስበታል» እያለ ዛሬ ተበድሮ ሲገዛ አያለሁ። ስጋቱ ይገባኛል። ሆኖም መፍትሔው ጨርቁን በዚህ ወር ገዝቶ ማስቀመጥ፣ ስፌቱን ደግሞ ለሚቀጥለው ደመወዝ ማሳደር ነው፤ በዚህ መንገድ ወጪው ለሁለት ይከፈላል። እኛ ቢሮ አምስት ሆነን በወር 1,000 ብር የልብስ እቁብ አለን፤ እጣ የወጣለት 5,000 ብር ይዞ የሚገባው ጫማ ወይም ሙሉ ልብስ ላይ ነው። እቁቡን ጥሩ የሚያደርገው የሚተዋወቁ ሰዎች ስለሆኑና ቀኑ ከደመወዝ ማግስት ስለማያልፍ ነው።

ስለ ደረሰኙም አንድ ነገር ልበል። በደረሰኝ ላይ የታተመው ጽሑፍ የመጨረሻ ቃል አይደለም። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሸማች እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት የመጠየቅ መብት ይሰጠዋል። ወደፊት ደረሰኝዎን አይጣሉ፤ ጉድለቱንም እንዳዩ ሳይውል ሳያድር ይጠይቁ።

ጡረተኛው | ጥቅምት 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ፣ እኔ 31 ዓመት በመንግሥት መሥሪያ ቤት ስሠራ ብዙውን ጊዜ የነበረኝ ሁለት ሱሪና አንድ ኮት ነው። ነገር ግን ጫማዬ ሁልጊዜ የተወለወለ ነበር፤ ለባለ ጉዳይም ለአለቃም ፊት ያቆመኝ እሱ ነው።

የቆዳ ጫማ ይግዙ፤ የአገራችን ቆዳ ለዚህ የሚያንስ አይደለም። ሶሉን ዙሪያውን ይመልከቱ። በክር የተሰፋ ሶል ሲያልቅ ጫማ ሰፊው ነቅሎ ሌላ ይተካልዎታል፤ በሙጫ ብቻ የተለጠፈው ግን የክረምት ውኃ ደጋግሞ ሲነካው ይላቀቃል። አዲሱን ጫማ በገዙ ሳምንት፣ ተረከዙ ሳይበላ ቀጭን ጎማ ያስመቱበት። ዝናብ ሲመታውም ከሰል ዳር አያድርቁት፤ ቆዳው ይሰነጠቃል። ውስጡን ጋዜጣ ጠቅጥቀው ጥላ ላይ ያሳድሩት፤ ጋዜጣው ሲርስ ይቀይሩለት። ጠዋት ደርቆ ያገኙታል፤ ከዚያ ሊስትሮ ጋ ሄደው ቀለሙን ያስቀቡ። ሊስትሮውም አንድ ደንበኛ ይኑርዎት፤ የደንበኛውን ጫማ የሚያውቅ ልጅ ስፌቱ ሲላላ ከእርስዎ ቀድሞ ያያል።

የሸሚዝ ወዳጅ | ጥቅምት 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሰልባጅን ማንም አለማንሳቱ ገርሞኛል። እኔ ለአምስት ዓመት የለበስኳቸው ሸሚዞች አብዛኞቹ ቦንዳ ሲፈታ ጠዋት ደርሼ የመረጥኳቸው ናቸው። ጨርቃቸው ወፍራም ጥጥ ነው፤ ስፌታቸውም ጠንካራ ነው። ቀድሞውኑ ብዙ ጊዜ ታጥበው የመጡ ስለሆኑ ከዚያ በኋላ አይሰበሰቡም። በአንድ አዲስ ሸሚዝ ዋጋ ሦስት ይገኛል። መታየት ያለባቸው የኮሌታው እጥፋት፣ የብብቱ ቀለምና የእጅጌው ጫፍ ናቸው፤ ጨርቁን ወደ ብርሃን ዘርግተው ቢያዩት የሳሳው ቦታ ወዲያው ይታያል።

መርፌና ክር | ጥቅምት 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ወንድሜ፣ ስለ ጨርቁ ጥራት የተናገሩት እውነት ነው፤ እኔም እነዚህን ሸሚዞች አጥብቤያለሁ፣ አሳጥሬያለሁ። ሆኖም ልባሽ ጨርቅ ወደ አገር እንዳይገባ የተከለከለ ሸቀጥ መሆኑን እህታችን አውቃ ብትወስን ይሻላል። ዋጋው የረከሰበት አንዱ ምክንያት ቀረጥ ያልተከፈለበት መሆኑ ነው፤ እኔ ቀረጥ ከተከፈለበት ጨርቅ የሰፋሁት ሸሚዝ በዋጋ ከእሱ ጋር ሊወዳደር አይችልም። አጠገቤ ሦስት ማሽን የነበረው ባልደረባዬ አሁን አንድ ብቻ ቀርቶታል። ይህን የምለው እርስዎን ለመውቀስ አይደለም፤ ደመወዝና የቤት ኪራይ ሰውን ወዴት እንደሚገፉት አውቃለሁ።

የሸሚዝ ወዳጅ | ጥቅምት 7 ቀን 2017 ዓ.ም.

የተናገሩት ልክ ነው፤ ስለ ባልደረባዎ አዝኛለሁ። እኔ ራሴ ስጀምር ደመወዜ ከኪራይ ተርፎ ለሸሚዝ የሚበቃ አልነበረም። አሁን ያሉኝ ሸሚዞች ኮሌታቸው ሲያልቅ ወደ አዲስ ከመሄዴ በፊት ይገለበጥልኛል ወይ ብዬ እጠይቅዎታለሁ።

መርፌና ክር | ጥቅምት 7 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይገለበጣል። የኮሌታው የላይኛው ጨርቅ በአንገት ጢም ሲበላ ከሥሩ ያለው ጎን ግን እንዳለ ነው። ስፌቱን ፈትቶ ያንን ጎን ወደ ላይ መስፋት የአንድ ሰዓት ሥራ ነው፤ ሸሚዙም ተጨማሪ ሁለት ዓመት ይለበሳል።

አምስት ደረጃ | ጥቅምት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

የግንፍሌዋ እህቴ፣ ሦስተኛው ጥያቄሽ ስላልተመለሰ እኔ ልሞክረው። እኔም በአራት ኪሎ በኩል ነው ወደ ሥራ የምሄደው።

አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች የእኛ ቅዝቃዜ የወቅት ብቻ ሳይሆን የሰዓትም ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ታክሲ ስትጠብቂ ጣትሽ ይደነዝዛል፤ 7 ሰዓት ላይ ለምሳ ስትወጪ ፀሐዩ አናት ይበሳል። ስለዚህ አንድ ወፍራም ካፖርት ከመግዛት ይልቅ የሚደራረቡና የሚወልቁ ስስ ልብሶች ይሻላሉ፦ ሸሚዝ፣ በላዩ ከፊት የሚቆለፍ ሹራብ፣ በላዩ ኮት፣ አንገት ላይ ነጠላ ወይም ሻርፕ። እኔ ከሽሮ ሜዳ የገዛሁት ጥለት የሌለው፣ አመድማ ቀለም የተነከረ የእጅ ሽመና ሻርፕ አለኝ፤ ከቢሮ ኮት ጋርም፣ ከሰንበት ጂንስ ጋርም ለብሼው ማንም «ከቦታው ወጣ» አላለኝም።

ለሁለት ቦታ የሚሆነውን ልብስ የሚወስነው በዋናነት ቀለሙና ጨርቁ ነው። ጥቁር ሰማያዊ፣ ግራጫና ቡናማ እርስ በርስ አይጣሉም። ጨርቁ የማያብረቀርቅ ከሆነ ሱሪው ከኮት ጋር ቢሮ ይገባል፤ ከሹራብና ከሸራ ጫማ ጋር ደግሞ ቅዳሜ ልጅ ይዘሽ ትወጪበታለሽ። የሚያብረቀርቀው ጨርቅ ግን ቅዳሜ ሲለበስ ሠርግ የተጠራ ሰው ያስመስላል።

እጥበቱንም አደራ። በዚህ ከፍታ ፀሐይዋ ኃይለኛ ስለሆነች ጥቁር ልብስ ገመድ ላይ ሲውል ትከሻው ይነጣል። ገልብጠሽ እጠቢው፤ ገልብጠሽ ጥላ ላይ አስጪው። በረኪና ነጭ ካልሆነ ልብስ አጠገብ አይድረስ። እኔ ሁለት ሱሪ የከሰርኩት በዚህ ነው።

የግንፍሌዋ | ታኅሣሥ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የመጣሁት የተደረገውን ልንገራችሁ ብዬ ነው።

የጥቅምቱ ገንዘብ ለጥቁር ሰማያዊ ሱሪ ወጣ። ጨርቁን መርካቶ ገዛሁ፤ ሻጩ ፊት ጨምድጄ እስከ 10 ስቆጥር መጀመሪያ ሳቀ፣ በኋላ ግን ራሱ ሌላ ጥቅል አውርዶ «ይኼኛውን ሞክሪው» አለኝ፤ የገዛሁትም እሱን ነው። ለፕሮቫ ስሄድ ወገቡ ልክ ሆኖ ጉልበቴ ላይ ሲይዘኝ ሰፊው በኖራ ምልክት አድርጎ ለቀቀልኝ። ይህ በተዘጋጀ ልብስ የማይገኝ ነገር ነው።

የኅዳርንና የታኅሣሥን ገንዘብ ደግሞ አንድ ላይ አድርጌ በ3,800 ብር ሶሉ የተሰፋ ጥቁር የቆዳ ጫማ ገዛሁ። ለገና ልብስ እንድገዛ ቤት ውስጥ ግፊት ነበረብኝ፤ የበዓል ባዛርም ሄጄ ነበር። ሆኖም ደብተሬን ከቦርሳዬ አውጥቼ ሳየው የበዓል ልብስ በዓመት የምለብሰው አምስት ወይም ስድስት ቀን ነው። ለልጆቹ ገዝቼ፣ እኔ የእናቴን ቀሚስ አሳጥሬ ልለብስ ተስማማሁ። አንድ ጥያቄ ግን አለኝ። ጫማው አንድ ብቻ ስለሆነ በየቀኑ ልጫማው ወይስ ላሳርፈው?

ጡረተኛው | ታኅሣሥ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ያሳርፉት። የእግር ላብ ከቆዳ ውስጥ ለመውጣት አንድ ሙሉ ቀን ይፈልጋል። አሮጌው ጫማ ከታክሲ እስከ ቢሮ ይውሰድዎትና አዲሱን ቢሮ ሲደርሱ ይቀይሩት፤ መሳቢያ ውስጥ የሚያድር ጫማ ረጅም ዕድሜ አለው።

የግንፍሌዋ | ሚያዝያ 17 ቀን 2017 ዓ.ም.

እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው አደረሳችሁ። እስከ መጋቢት ስድስት ወር ሞላኝ፤ ከተመደበው 15,000 ብር ውስጥ 14,350 ብር አውጥቻለሁ። አሁን በሳምንት የማልደግመው የለም፤ ግን የምደግመው ሁሉ የሚሆነኝ ልብስ ነው። ሱሪ ሁለት፣ ሸሚዝ ሦስት፣ ከፊት የሚቆለፍ ግራጫ ሹራብ አንድ፣ ጫማ አንድ፣ በተጨማሪም ከታች የምነግራችሁ ኮት። ሁለተኛው ሱሪ ቡናማ ጥጥ ነው፤ ጨርቁን ከመስፋቴ በፊት ሁለት ጊዜ አጥቤዋለሁ። ቢሮም ለብሼዋለሁ፣ ልጆቹን ይዤ እንጦጦም ወጥቼበታለሁ።

የከሰርኩበትም አለ። በመጋቢት አንድ ጉርድ ቀሚስ ቀለሙን ወድጄ ብቻ ገዛሁ፤ ደብተሩን ሳላይ ነበር የገዛሁት። ሲቀመጡበት ስለሚጠብ እስካሁን አንድ ጊዜ ነው የለበስኩት። ሰፊው ሊለቅልኝ ሲከፍተው ትርፉ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ሆኖ ተገኘ። ለታናሽ እህቴ ሰጥቻታለሁ።

ኮቱን በተመለከተ መርፌና ክር እንዳሉት ነው የሆነው። ከሁለቱ አንዱ ትርፍ አልነበረውም። ሌላው፣ ከሰባት ዓመት በፊት አባቴ ያሰፋልኝ ጥቁር ሰማያዊ ኮት፣ ጎኑ ሲፈታ ሁለት ሴንቲ ሜትር ከግማሽ ጨርቅ ታጥፎ ተቀምጦበት አገኘነው። ሰፊው በጥፍሩ ዘርግቶ አሳየኝ፤ ፀሐይ ያልነካው ጨርቅ ከቀረው ይልቅ ጠቆር ያለ ነው። አሁን ከብብቴ እስከ ዳሌዬ በሁለቱም ጎን ቀጭን ጠቆር ያለ መስመር አለ። ክንዴን ሳላነሳ አይታይም፤ ደረቱም ይቆለፋል።

የሚያዝያና የግንቦት ገንዘብ ሰኔ ሳይገባ ለዝናብ ልብስ ይውላል። ኮቱ ላይ የሚደረብ፣ ውኃ የማያስገባ፣ ትከሻው ሰፋ ያለ ነገር የት እንደሚገኝ የምታውቁ ብትጠቁሙኝ ደስ ይለኛል።

መርፌና ክር | ሚያዝያ 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

አባትዎ ያሰፉበት ሰው ሥራውን የሚያውቅ ኖሯል። የዝናብ ልብሱን ሊገዙ ሲሄዱ ኮቱን ለብሰው ይሂዱ፤ በላዩ ደርበው ሁለት እጅዎን ወደ ፊት ዘርግተው ይሞክሩት። ስፌቱንም ከውስጥ በኩል ይዩት፤ በስፌቱ ላይ ውኃ መከላከያ ጥብጣብ ካልተለጠፈበት ጨርቁ ውኃ ባያስገባም በመርፌው ቀዳዳ ይገባል።

አምስት ደረጃ | ሚያዝያ 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

እህቴ፣ እኔም ለራሴ ልገዛ ስለሆነ ቅዳሜ አብረን ብንወጣ ደስ ይለኛል። አራት ኪሎ ሐውልቱ ጋ በ3 ሰዓት እንገናኝ፤ ኮትሽን ለብሰሽ ነይ።